የሐሙስ ውሃ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ እናቴና እኔ በጨፋ ሸለቆ፣ ከቦርከና ወንዝ በተጠለፈው የመስኖ ቦይ ዳር ቆመን ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉትን የውሃ አባት እንጠብቅ ነበር። ዕለቱ የእኛ ተራ ነው። በዚህ ቦይ ለእያንዳንዱ ገበሬ ውሃ የሚደርሰው በየአሥራ ሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ በቦዩ የሚወርደው ሁሉ የባለተራው ይሆናል።

ያለን ሁለት ጥማድ ቀይ ሽንኩርት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ተኮትኩቶ፣ ታርሞ፣ ተራውን ጠብቆ ጠጥቶ አድጓል። አሁን የሚያብጥበት የመጨረሻው ጊዜ ላይ ደርሷል። ማክሰኞ ዕለት ነጋዴው ጀሚል ከከሚሴ ወርዶ አይቶት ነበር። አንዱን ነቅሎ አፈሩን በአውራ ጣቱ አራገፈና፣ በእጁ መዳፍ ላይ እያገላበጠ ሳቀ።

“እት ዘውዴ፣ ይሄ እኮ ሙሽራ ነው! የሐሙሱን ውሃ ይጠጣ፤ ከዚያ በአሥረኛው ቀን ኢሱዙዬን ይዤ ከተፍ እላለሁ። በነገርኩሽ ዋጋ፣ ወላሂ፣ አንድ ብር አልቀንስም።”

“ካልጠጣስ?” አለችው እናቴ።

“ካልጠጣማ ነጭ ሽንኩርት ነው ብዬ ነው የምሸጠው!”

እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ሳቅ ይቀናኝ ነበር፤ ምክንያቱም የሽንኩርቱ ዋጋ ቤት ነው። በከሚሴ፣ በአስፋልቱ ዳር፣ ፊቱ ሱቅ ጀርባው ሦስት ክፍል የሆነ፣ ገና ያልተለሰነ የብሎኬት ቤት አለ። ባለቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ስለሆነ እስከ ፋሲካ እንደሚጠብቀን ቃል ሰጥቶናል። አባቴ ካረፈ ወዲህ በነበሩት ዐሥራ አንድ ዓመታት ከመናኸሪያው ጀርባ በኪራይ ኖረናል፤ አራት ጊዜም ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ከግቢ ወደ ግቢ ተዘዋውረናል። ለአራተኛው ጊዜ ስንወጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ፍራሹን ከጋሪው ላይ እያወረድኩ፣ እናቴን አምስተኛ ጊዜ እንደማላስወጣት ለራሴ ቃል ገባሁ። ትምህርቴን ጨርሼ ከተመለስኩ በኋላ የሽንኩርቱ ሐሳብ የእኔ ሆነ፤ የሱቁ ሐሳብም የእኔ ነበር። ግድግዳውን የምንቀባበትን ቀለም ሳይቀር መርጫለሁ።

ሆኖም ከዓርብ ወዲህ አንድ ነገር መካከላችን ገብቷል። የሆነውም እንዲህ ነው።

በሸለቆው የቆየ ልማድ አለ። ዓርብ ቀትር ላይ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ውሃቸውን የምንጠብቅላቸው እኛ ክርስቲያኖቹ ነን፤ እሑድ ጠዋት እኛ ቅዳሴ ስንገባ ደግሞ የእኛን ውሃ የሚጠብቁልን እነሱ ናቸው። ማንም ለማንም አደራ አይልም፤ ነገሩ ሳይነገር የሚታወቅ ነው። ዓርብ፣ መጋቢት 5 ቀን፣ ተራው የጋሽ አብዱልጀሊል ነበር። ማሳው ከእኛ በታች፣ በቦዩ ጫፍ ላይ ነው። እንደ ወትሮው ቀትር ላይ ዶማውን ቦዩ ዳር ሰክቶ፣ እናቴ አለች ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ። እናቴ ግን አልነበረችም። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገጥመዋል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ እሱም ይህን ያውቃል ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እሱ በእሷ፣ እሷ በእሱ ተማመኑ። ሁለቱም ሲመለሱ የቦዩ ክትር ተሸርሽሮ ተንዷል፤ የጠዋቱን ውሃ ደረቁ ቦይ ራሱ ጠጥቶት፣ የቀረው በሙሉ ወደ ወንዙ ተመልሶ ፈሷል። የጋሽ አብዱልጀሊል በቆሎ አንድ ጠብታ አልደረሰውም።

ማታውኑ የውሃ አባቱ አባ ሙሀዲን ገበሬዎቹን ሰብስበው ፈረዱ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ውሃው የባለተራው ነው፣ ጥፋቱም የባለተራው ነው፤ ያለፈ ተራም አይመለስም። ጋሽ አብዱልጀሊል በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። “ሐቅ ነው” አለ። ቀጣይ ተራው መጋቢት 17 ነው። በቆሎው ግን ፍሬ ሊይዝ ፀጉር ያወጣበት ሳምንት ላይ ስለነበር እስከዚያ እንደማይቆይ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ ረቢአ በሳህን የተከደነ ሾርባ ይዛ ወደ ማሳችን መጣች። ለራሳቸው ማፍጠሪያ የሚሠሩት በሥጋ ነው፤ ለእኛ ግን ጾመኞች ስለሆንን ሥጋም ቅቤም ያልነካው ለብቻ በሌላ ድስት ትሠራለች። ረመዳን ከገባ ጀምሮ ሁለቴ አምጥታልናለች፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

“እንቺ ስርጉት፣ ሳይቀዘቅዝ ብሉ። ዘይት ብቻ ነው ያለበት፤ እንዳትጠራጠሪ” አለችኝ።

“አንቺ ሳትቀምሺው እንዴት ጨው በልክ ይሆንልሻል?” አለቻት እናቴ።

“እጄ ይቀምሰዋል፣ እት ዘውዴ። አፌ ነው እንጂ እጄ አልጾመም!”

ተሳሳቁ። ከዚያ ረቢአ አጠገባችን ተቀምጣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዒድ ልብስ፣ ስለ ሙቀቱ አወራች። ስለ ውሃው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የሐሙሱ ተራ የእኛ እንደሆነ ታውቃለች፤ የእሷ አምስት ልጆች የሚበሉት ያ በቆሎ እንደሆነም እኛ እናውቃለን። ተነሥታ ስትሄድ እናቴ ከኋላዋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

“እማዬ” አልኳት፤ የምታስበው ገብቶኛልና። “ደንቡን እኛ አላወጣነውም።”

“አላወጣነውም።”

“ጋሽ አብዱልጀሊል ራሱ ሐቅ ነው ብሏል።”

“ብሏል።”

“ታዲያ ጥፋቱ የአንቺ ነው ብለሽ ነው?”

“እኔም ሄጃለሁ፣ እሱም ሄዷል። ሁለታችንም ወደ ፈጣሪ ነው የሄድነው፤ ውሃው ብቻውን ቀረ። እዳ ቢኖርብኝማ ቀላል ነበር፤ ከፍዬ እገላገል ነበር። የለብኝም። የማስበውም ስለሌለብኝ ነው።”

አነጋገሯ አስቆጣኝ። እናቴ ስትረጋጋ እኔ እቆጣለሁ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ነን። እግዚአብሔር ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የለመነችውን በእጇ ሊያኖርላት ሲል በረከቱን መግፋት ምስጋና ቢስነት አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሀብት ራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ በንጹሕ ላብ የተገኘ ቤት ደግሞ ይልቁንም ክብር እንደሆነ በብዙ ቃል አስረዳኋት። ዳር ዳሩን ሳልል ሙግቴን ሁሉ ደረደርኩላት፤ እሷም ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

“ልክ ነሽ፤ ቤት ኃጢአት አይደለም” አለች በመጨረሻ። “ዐሥራ አንድ ዓመት ቤት ስጠኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ከአብዱልጀሊል በቆሎ ቀንሰህ ስጠኝ ግን አላልኩትም።”

“እንግዲያው ሽንኩርቱን እንሽጥና እህል እንገዛላቸዋለን! አምስት ኩንታል! ሁላችንም እንተርፋለን።” ይህ መልስ ከዓርብ ጀምሮ በልቤ ሳበስለው የነበረ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ተናገርኩት።

እናቴ የሾርባውን ሳህን በነጠላዋ ጫፍ ከደነችው። “ያ ሰው በሕይወቱ ከሰው ቤት እህል አልተሰፈረለትም። በገዛ ማሳው ማፍራት እየቻለ ዓመቱን ሙሉ የእኛን ቁና ሲያይ እንዲኖር ታደርጊዋለሽ? ደግሞስ፣ ልጄ፣ እኔ በልቼ ስጠግብ የተረፈኝን መስጠት ለምን ይከብደኛል? የከበደኝ ይኼኛው ነው። ስለዚህ ይኼኛው ይመስለኛል የተጠየቅኩት።”

እኔ ግን አልተሸነፍኩም። ወደ ከሚሴ ስንመለስ በባጃጁ ውስጥ በልቤ እሟገታት ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ ንጋት ላይ በቦዩ ዳር የቆምነው በዚህ ሁኔታ ነበር። አባ ሙሀዲን ዶማቸውን ይዘው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ ጥለው ከላይ መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን የዚህ ቦይ ዳኛ ሆነው አሳልፈዋል።

“አካም ቡልተን! ነጋ ናችሁ?” አሉ፣ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ ሲሉ።

“ነጋ ነን፣ አባ። ጾሙ እንዴት ያዘዎት?” አለች እናቴ።

“ጾሙማ ምን አደረገኝ! እኔን የያዘኝ የእናንተ ቦይ ነው። ሌሊቱን ሁሉ የሚፈስሰው በጆሮዬ ውስጥ ነው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ምሁሯ፣ ዛሬ አካፋ ይዘሻል ወይስ እስክሪብቶ?”

“አካፋ ነው፣ አባ።”

“አልሐምዱሊላህ! በሉ፣ ተራችሁ ነው። ውሃውን ልልቀቅላችሁ።”

“ይቆዩ፣ አባ” አለች እናቴ፤ ወደ እኔም ዞረች። “ስርጉት፣ በመሬቱ ደብተር ላይ የአንቺም ስም ከእኔ ጋር አለ። ግማሹ የአንቺ ነው። እኔ ውሃው ወደ አብዱልጀሊል ቢወርድ እወዳለሁ። አንቺ ካልወደድሽ ግን አላወርደውም፤ ዛሬም ነገም አልወቅስሽም። የአንቺን ላብ አንሥቼ እኔ ቸር ልባል አልፈልግም።”

አባ ሙሀዲን ዶማቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ሁለታችንን አዩን። “ዘውድነሽ፣ ዛሬ ምን ነካሽ? የሽንኩርቱ የመጨረሻ ውሃ እኮ ነው!”

“አውቃለሁ፣ አባ።”

“ጀሚል በየሻይ ቤቱ እየዞረ ሽንኩርትሽን ሲያወድስ ሰንብቷል።”

“ጀሚል ያላየውንም ያወድሳል።”

እኔ ግን ገና መውጫ እፈልግ ነበር። “አባ፣ ግማሹን ቀን ለእኛ፣ ግማሹን ለእነሱ ብናደርገውስ?” አልኩ።

አባ ሙሀዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ያ የታችኛው ቦይ ከዓርብ ጀምሮ ደርቆ ተሰንጥቋል። ውሃ ስትለቂበት መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል። እስከ በቆሎው ለመድረስ ብቻ እኩለ ቀን ይፈጃል። ግማሽ ብትሰጪ ቦዩን ነው የምታጠጪው፤ የእናንተም ሽንኩርት ከግማሹ በላይ አይርስም። ወይ ሙሉውን፣ ወይ ምንም። ደግሞ ማንም አያስገድድሽም፣ ልጄ። ሐቃችሁ ነው።”

 ውሳኔው በእጄ ላይ ቀረ።

በሽንኩርቱ መካከል ወደ ታች ስመለከት የአብዱልጀሊል ማሳ ታየኝ። በእውነቱ ከዓርብ ወዲህ አላየሁትም ነበር፤ እንዳላይ ስጠነቀቅ ሰንብቻለሁ። ሁልጊዜ በእሱ ማሳ ዳር የምንወርድበትን መንገድ ትቼ፣ ለእናቴ ጥላ ይበዛበታል ብዬ፣ በላይ በኩል ባለው ረጅሙ መንገድ ስወስዳት ነበር። አሁን አየሁት። የጠዋት ጤዛ ባለበት ሰዓት እንኳ የበቆሎው ቅጠል እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ቆሟል። ከዳር ያለው ግራጫ ሆኗል።

በዚያች ደቂቃ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ራሴ ገባኝ። ቤቱ ገና የእኔ አልነበረም። ቁልፉን አልያዝኩም፤ አንዲት ሌሊት አልተኛሁበትም። እንዲያም ሆኖ መንገዴን አስቀይሮኛል፤ ለእናቴ አስዋሽቶኛል፤ የሾርባውን ሳህን ከረቢአ እጅ ስቀበል ዓይኗን እንዳላይ አድርጎኛል። ሳላገኘው ይህን ያህል ያዘዘኝ ሀብት ካገኘሁት በኋላ ምን ያደርገኝ ነበር? ክርስቶስን ጌታዬ ነው ስል ከልጅነቴ ጀምሮ ኖሬያለሁ። ዐቢይ ጾምን ከመግቢያው ጀምሮ አንድ ቀን አልሻርኩም። የጾምኩት ግን ሥጋና ወተት ብቻ ነበር፤ “የእኔ” የሚለውን ቃል አንድም ቀን አልጾምኩትም።

እናቴ በኪራይ ቤት ውስጥ ለምን እንደማታጉረመርም ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ልማድ ወይም ተስፋ መቁረጥ ይመስለኝ ነበር። ያን ጠዋት ፊቷን ስመለከት፣ ሁለቱም እንዳልሆነ ተረዳሁ። ቤቱን ከእኔ ይልቅ ትፈልገዋለች፤ አራት ጊዜ የተባረረችው እሷ ናት። ነገር ግን ቤት ባይኖራትም የሚጎድላት ቤት ብቻ ነው፤ እሷ ራሷ አትጎድልም። ድህነትን እየወደደች አልነበረም፤ በያዘችውም ባጣችውም ላይ የሚኖር ጌታ ስላላት ትከሻዋ ቀሎላት ነበር። እኔ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ስሜ በአንደኛነት ሲጠራ ቆሜ የተጨበጨበልኝ ልጅ፣ ይህንን የተማርኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ እግሬ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ነው።

“እሺ” አልኩ።

“እሺ ምን?” አሉ አባ ሙሀዲን።

“ሙሉውን ይውሰዱት።”

እናቴ አላቀፈችኝም። አካፋውን ካኖርኩበት አንሥታ አቀበለችኝ። የእኛን መክፈቻ መድፈን የእኔ ሥራ እንዲሆን እንደፈለገች ገባኝ። ወረድኩ። ውሃ ለመቀበል ከማሳችን አፍ ጠርገን የከመርነውን አፈር እየቆፈርኩ በመግቢያው ላይ ጣልኩት፤ ሣሩን ከነሥሩ ነቅዬ በላዩ ጎሰጎስኩ፤ በእግሬም ረገጥኩት። የመጀመሪያዎቹ አካፋዎች ከበዱኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ ብቻ ሆነ፤ እንዲያውም ክንዴ እየፈጠነ ሄደ። በመጨረሻ ቀና ስል ላቤ በአገጬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ውስጤም ለረጅም ጊዜ ያላገኘሁት ጸጥታ ነበር። ስለ ነገ ምንም አላወቅኩም፤ ነገር ግን አንዳች አልፈራሁም።

“ይህቺ ልጅ ቦይ ስትዘጋ ከወንዶቹ ትበልጣለች” አሉ አባ ሙሀዲን። ድምፃቸው የሚቀልድ ሰው ድምፅ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልቀለደም። ወደ ታችኛው መክፈቻ ሄደው ድንጋዩን አነሡ። ውሃው ለአፍታ ቆም ብሎ፣ ከዚያ ደረቁን ቦይ ገለባና አቧራ እየገፋ ቁልቁል ወረደ።

እናቴ ከጉያዋ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። “በይ ለባለቤቱ ደውዪለት” አለች። “ቤቱን ሌላ ገዢ ከጠየቀው ይስጠው። በእኛ ምክንያት እስከ ፋሲካ መጠበቅ የለበትም።”

ደወልኩ። ሰውየው ከእንቅልፉ ነቅቶ ሁለት ጊዜ “እርግጠኛ ናችሁ?” አለኝ። ሁለት ጊዜ “እርግጠኛ ነን” አልኩት። በሁለተኛው ጊዜ ድምፄ ከመጀመሪያው ይልቅ ጠንካራ ነበር። ስልኩን ስዘጋ እናቴ ከሽንኩርቱ መደብ ዳር ተቀምጣ አረም መንቀል ጀምራለች፤ ጀሚል የሚፈልገውን ያህል ባያብጥም የእኛ ሽንኩርት ነውና።

ያኔ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ጋሽ አብዱልጀሊል ከማሳው ጫፍ ብቅ ብሎ፣ እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ ቦዩ ሲመለከት አየሁ። የሚወርደውን ውሃ አይቷል። ከእኛ እንደሆነ ይጠረጥር ይሆናል፤ ከአባ ሙሀዲን አፍ ከሰማው ግን፣ ኩሩ ሰው ነውና፣ ሮጦ መጥቶ በገዛ እጁ ይዘጋዋል፤ ባይዘጋው እንኳ ከዚህ ቀን ጀምሮ በፊታችን ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል፤ የረቢአም ሾርባ የብድር ምላሽ ይሆናል። በስጦታችን የሰው አንገት እንዲደፋ አልፈለግኩም። ደግሞም ሰጠሁ ስል እንዲሰማልኝ የምትፈልግ ነፍስ በውስጤ እንዳለች አውቃለሁ፤ እሷን በዚያው ማሳ ልቀብራት ወደድኩ። ወደ አባ ሙሀዲን ሮጥኩ።

“አባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ጋሽ አብዱልጀሊል ሲጠይቅዎት ውሃው ከማን እንደመጣ አይንገሩት። ይዋሹልኝ አላልኩም፤ ዝም ይበሉልኝ ብቻ። አደራ።”

አባ ሙሀዲን አዩኝ። በሠላሳ ዓመት ዳኝነታቸው አንድም ገበሬ ውሃው ከማን እንደመጣና ወደ ማን እንደሄደ ሳያውቅ እንዲቀር አድርገው አያውቁም። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ፣ ዶማቸውን አነሡ፣ በውሃው ግንባር እኩል ቁልቁል ወደ አብዱልጀሊል ይራመዱ ጀመር።

“አባ! አይነግሩትም አይደል?” ብዬ ከኋላቸው ተጣራሁ።